የተፈጥሮ ጋዝ ፈሳሾች ከጉድጓድ እስከ መርከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የተፈጥሮ ጋዝ ፈሳሾች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ከምድር ውስጥ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ዋና አካሉ ሚቴን ነው፤ ይሁን እንጂ በብዙ ቦታዎች ሚቴኑ ብቻውን አይመጣም። ኢቴን፣ ፕሮፔን፣ መደበኛ ቡቴን፣ አይሶቡቴን፣ እንዲሁም ፔንቴንና ከእርሱ የከበዱት አብረውት ይወጣሉ። እነዚህ በአንድነት የተፈጥሮ ጋዝ ፈሳሾች ተብለው የሚጠሩት ከጉድጓድ ፈሳሽ ሆነው ስለሚወጡ ሳይሆን፣ ከሚቴን በተሻለ በመጠነኛ ግፊት ወይም ቅዝቃዜ ወደ ፈሳሽነት ስለሚለወጡ ነው።

በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ሚቴን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ162 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ኢቴን ከዜሮ በታች በ89፣ ፕሮፔን ከዜሮ በታች በ42፣ አይሶቡቴን ከዜሮ በታች በ12፣ መደበኛው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ፔንቴን ደግሞ ከዜሮ በላይ በ36 ዲግሪ ነው። የፋብሪካው አሠራር፣ የማማዎቹ ቅደም ተከተል፣ የማከማቻው ግፊትና የመርከቡ ብረት ዓይነት ሁሉ ከእነዚህ ስድስት ቁጥሮች የሚመነጩ ስለሆኑ፣ አንባቢ ቁጥሮቹን ከያዘ ቀጥሎ ያለው ማብራሪያ አይከብደውም።

በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ጋዝና ኤልኤንጂ የሚባለው አንድ ናቸው?

አይደሉም። ኤልኤንጂ እስኪፈስ ድረስ የቀዘቀዘ ሚቴን ነው። ሚቴን በተራ የአየር ሙቀት ምንም ያህል ግፊት ቢጫንበት ፈሳሽ አይሆንም፤ ስለዚህ እጅግ ቀዝቃዛ ሆኖ መቆየት አለበት። በቤታችን ሲሊንደር ውስጥ ያለው ኤልፒጂ ግን ፕሮፔን፣ ቡቴን ወይም የሁለቱ ድብልቅ ሲሆን፣ ፈሳሽ አድርጎ የያዘው ግፊት ብቻ ነው። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ ለመቆየት 8 ባር ገደማ (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ ቡቴን ደግሞ 2 ባር ገደማ ይበቃዋል።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲመረቅ፣ የሲሊንደር ጋዝ ከዚያ ሊመጣ ነው ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት አልነበረም። የዚያ ምዕራፍ ምርት ግን ኤልኤንጂ ነው፤ ለማብሰያ በምንጠቀምበት ምድጃና ሲሊንደርም የሚሠራ አይደለም። ከአንድ የጋዝ መስክ ኤልፒጂ ለማግኘት ጋዙ በቂ ፕሮፔንና ቡቴን ሊኖረው፣ ከታች የሚብራሩት የማውጫና የመለያ ክፍሎችም ሊተከሉለት ይገባል።

እነዚህን ፈሳሾች ከጋዙ ማውጣት ለምን አስፈለገ?

አንደኛው ምክንያት የቧንቧው ደኅንነት ነው። ከባዶቹ ያልወጡለት ጋዝ በረጅም የቧንቧ መስመር ሲጓዝ በመንገድ ላይ ከፊሉ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል፤ ፈሳሹም በዝቅተኛ ቦታዎች ተጠራቅሞ ድንገት ሲገፋ ለጋዝ ብቻ የተሠራውን ኮምፕሬሰር (የጋዝ መጭመቂያ) ሊሰብር ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ዋጋ ነው። ኢቴን ለፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ የሆነው ኤትሊን ይሠራበታል፤ ፕሮፔን ለማብሰያና ለማሞቂያ ያገለግላል፤ አይሶቡቴን የቤንዚንን ጥራት ከፍ የሚያደርግ ተጨማሪ ይሠራበታል፤ ፔንቴንና ከእርሱ የከበዱት ደግሞ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀላሉ ወይም የካናዳን ዝልግልግ ድፍድፍ ነዳጅ አቅጥነው በቧንቧ እንዲሄድ ያደርጋሉ።

የኢቴን ጉዳይ ለየት ይላል። ኢቴን ሁልጊዜ መውጣት የለበትም፤ ዋጋው የማውጫውንና የማጓጓዣውን ወጪ በማይሸፍንበት ጊዜ የቴክሳስ ፋብሪካዎች ከሚቴኑ ጋር ትተውት እንደ ማገዶ ይሸጡታል። ይህም ገደብ አለው፤ ኢቴን ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት በይዘት ሲለካ ከሚቴን 1.7 እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ፣ ብዙ ኢቴን የተተወበትን ጋዝ የቧንቧ ድርጅቶች አይቀበሉትም። በሌላ አነጋገር የፋብሪካው ኃላፊ በየጊዜው የሚወስነው ውሳኔ ከምህንድስና ይልቅ ለንግድ የቀረበ ነው።

ጋዙ ከመቀዝቀዙ በፊት ምን ይደረግለታል?

መጀመሪያ ከጉድጓድ አብረው የመጡት ውሃ፣ አሸዋና ድፍድፍ በትልቅ መለያ ውስጥ ይዘቅጣሉ። ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድና መርዛማው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ አሚን በተባለ ኬሚካል ታጥበው ይወጣሉ። ቀጥሎ የውሃው እንፋሎት መጀመሪያ ግላይኮል በተባለ ውሃ መጣጭ ፈሳሽ፣ ለጥልቅ ቅዝቃዜ ሲሆን ደግሞ ሞለኪዩላር ሲቭ በሚባሉ ቀዳዳማ ጠጠሮች ይመጠጣል። ውሃው ካልወጣ ከጋዙ ጋር ተጣምሮ በረዶ መሰል ጠጣር ይሠራል፤ ሃይድሬት ይባላል፤ ከዜሮ ዲግሪ በላይም ሳይቀር ቧንቧ ይደፍናል።

ብዙ ሰው የማያስባት ሜርኩሪ ናት። ከአንዳንድ መስኮች የሚወጣ ጋዝ በጣም አነስተኛ ሜርኩሪ ይዞ ይመጣል፤ ጋዙ የሚቀዘቅዝባቸው የሙቀት መለዋወጫዎች ደግሞ ከአልሙኒየም የተሠሩ ናቸው፤ ሜርኩሪም አልሙኒየምን ይበላል። ይህ በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 በአልጄሪያ ስኪክዳ የአልሙኒየም መለዋወጫ ከተበላሸ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሜርኩሪን በሚይዝ ማጣሪያ ውስጥ ማሳለፍ የተለመደ ሆኗል።

ፈሳሹ ከጋዙ የሚወጣው እንዴት ነው?

የቀድሞው ዘዴ ጋዙን በማማ ውስጥ በቀዝቃዛ ዘይት ማጠብ ነበር። ዘይቱ ከባዶቹን ጋዞች ይመጥጣል፤ በኋላ ሲሞቅ ይለቃቸዋል፤ ቀዝቅዞም ተመልሶ ይሠራል። ፕሮፔንን በደንብ ቢይዝም አብዛኛው ኢቴን ያመልጠዋል።

የዛሬዎቹ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በተርቦኤክስፓንደር ነው፤ ይህ መሣሪያ ለዚህ ሥራ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1964 በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ነው። የደረቀው ጋዝ ከፋብሪካው በሚወጣው ቀዝቃዛ ጋዝ አስቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ፈሳሽነት የተለወጠው ክፍል ይለያል፤ ቀሪው ጋዝ እስከ 60 ወይም 70 ባር በሚደርስ ግፊት ወደ ተርባይኑ ይገባና ተርባይኑን እያዞረ ግፊቱ ወደ 20 ወይም 30 ባር ይወርዳል። ጋዝ በጠባብ ቫልቭ ሲለቀቅም ይቀዘቅዛል፤ ተርባይን ሲያዞር ግን ከራሱ ጉልበት ስለሚሰጥ ቅዝቃዜው እጅግ ይበልጣል፤ ከዜሮ በታች 90 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ተርባይኑ ያገኘው ጉልበትም አይባክንም፤ በዚያው ዘንግ ላይ የተገጠመውን ኮምፕሬሰር አዙሮ ወጪውን ጋዝ መልሶ ይጨምቃል።

ይህ ሁሉ የሚገናኘው ሚቴን ማስወገጃ በሚባለው ማማ ውስጥ ነው። ከላይ ሚቴን እንደ ጋዝ ይወጣል፤ ከታች ኢቴንና ከእርሱ የከበዱት ተቀላቅለው በፈሳሽነት ይወጣሉ። በደንብ የተሠራ ፋብሪካ በዚህ መንገድ ከ90 በመቶ በላይ ኢቴኑን፣ ፕሮፔኑን ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ መያዝ ይችላል። ከታች የሚወጣው ድብልቅ ገና የሚሸጥ ምርት አይደለም፤ ነጋዴዎቹ ዋይ ግሬድ ይሉታል።

ቅዝቃዜው ራሱ አደጋ ያመጣል?

አዎን፤ አደጋውም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቅዝቃዜው በማይጠበቅበት ቦታ ሲደርስ ነው። ተራ ብረት ከተወሰነ ሙቀት በታች መለመጡን ትቶ እንደ ሸክላ ይሰበራል።

የአውስትራሊያው ሎንግፎርድ ፋብሪካ በቀደመው የዘይት ዘዴ ይሠራ ነበር። መስከረም 25 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ሞቃቱን ዘይት የሚገፉት ፓምፖች ቆሙ። ወትሮ 100 ዲግሪ አካባቢ የሚሠራ አንድ የሙቀት መለዋወጫ፣ ሙቁ ዘይት ሲቀርበት ቀዝቃዛው ፈሳሽ ብቻ እያለፈበት ከዜሮ በታች 48 ዲግሪ ደረሰ፤ በውጭው ላይም ውርጭ ጋገረበት። ሠራተኞቹ ፓምፑን አስነሥተው ሙቅ ዘይት ሲለቁበት ብረቱ ተሰነጠቀ፤ ያመለጠው ጋዝም ተቀጣጠለ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ስምንት ቆሰሉ፤ የቪክቶሪያ ግዛትም ለሁለት ሳምንት ገደማ ያለ ጋዝ ቆየ። የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሠራተኞቹ እንዲህ የቀዘቀዘን ብረት ማሞቅ ምን እንደሚያስከትል አለመሠልጠናቸውን አረጋግጧል። እንደኔ ግምት ስለዚህ ኢንዱስትሪ ለሚማር ሰው ከብዙ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ የዚያች ዕለት የሰዓታት ዝርዝር ይጠቅመዋል፤ ውርጩ በዓይን የሚታይ ምልክት ነበርና።

ድብልቁ ወደየምርቱ የሚለየው እንዴት ነው?

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው መርሁን ያውቀዋል፤ ቀድሞ የሚፈላው ቀድሞ ይተንናል። ልዩነቱ እዚህ ሥራው በአንድ ማሰሮ የማያልቅ መሆኑ ነው። ማማው ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ብዙ ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረዋል፤ እንፋሎቱ ከታች ወደ ላይ፣ ፈሳሹ ከላይ ወደ ታች ሲሄዱ በየንጣፉ ይገናኛሉ፤ በእያንዳንዱ ግንኙነትም ቀላሉ ወደ እንፋሎቱ፣ ከባዱ ወደ ፈሳሹ ያደላል።

የመጀመሪያው ማማ ኢቴንን ያስወጣል። ኢቴንን ወደ ፈሳሽነት መመለስ ከባድ ስለሆነ ማማው በ25 ወይም 30 ባር ግፊት ይሠራል፤ አናቱም በማቀዝቀዣ ይቀዘቅዛል። ቀጣዩ ፕሮፔንን ያስወጣል፤ ግፊቱ ከ20 ባር በታች ሲሆን፣ ለማቀዝቀዝ ተራ አየር ወይም ውሃ ይበቃዋል። ሦስተኛው በጥቂት ባሮች ብቻ ቡቴኖቹን ከላይ፣ ፔንቴንና የከበዱትን ከታች ያወጣል። ግፊቱ ከማማ ማማ እየቀነሰ መሄዱ በምክንያት ነው፤ ፈሳሹ ያለ ፓምፕ በራሱ ግፊት ወደሚቀጥለው ይሄዳልና።

አስቸጋሪው የመጨረሻው ነው። አይሶቡቴንና መደበኛ ቡቴን የሚፈሉበት ሙቀት ልዩነቱ 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን የሚለየው ማማ እጅግ ረጅም፣ ንጣፎቹም በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። በአንድ የመለያ ፋብሪካ ከሩቅ ጎልቶ የሚታየው ቀጭን ማማ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ምርቱ በደረጃ ይሸጣል። በአሜሪካ ኤችዲ-5 የሚባለው ፕሮፔን ቢያንስ 90 በመቶው ፕሮፔን፣ ፕሮፒሊን የተባለው ተቀራራቢ ጋዝ ደግሞ ከ5 በመቶ ያልበለጠ መሆን አለበት።

ይህን ያህል ፈሳሽ የት ይከማቻል?

በዓለም ስሙ የገነነው ማከማቻ ከሂዩስተን በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትገኘው ሞንት ቤልቪዩ የተባለች ትንሽ ከተማ ናት። ከሥሯ ከጥልቅ ወደ ላይ የወጣ ግዙፍ የጨው ጉልላት አለ። በጨው ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ ንጹሕ ውሃ ይገባበታል፤ ውሃው ጨውን እያሟሟ ዋሻ ይፈጥራል፤ አንድ ሜትር ኩብ ዋሻ ለማግኘት ከ7 እስከ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ያስፈልጋል። ጨው ፕሮፔንን አያሳልፍም፤ ከእርሱም ጋር አይዋሃድም፤ በጥልቀቱም የላይኛው ምድር ክብደት ስንጥቆችን ይዘጋቸዋል። ከመቶ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ዋሻዎች በአንድ ቦታ በመኖራቸው የቧንቧ መስመሮችና የመለያ ፋብሪካዎች በዙሪያቸው ተሰበሰቡ፤ በዚህም የተነሣ የአሜሪካ ፕሮፔን ዋጋ የሚጠራው በዚህች ከተማ ስም ሆነ።

ዋሻው ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ፕሮፔን ሲገባ ከታች ያለው ጨዋማ ውሃ ተገፍቶ በምድር ላይ ወደ ተሠራ ኩሬ ይወጣል፤ ፕሮፔን ሲፈለግ ደግሞ ጨዋማው ውሃ ተመልሶ ይገባና ፕሮፔኑን ያወጣል። ተራ ውሃ የማይገባው ዋሻውን እያሟሟ ስለሚያሰፋው ነው።

የዚህ አሠራር ደካማ ጎን የታየው ሚያዝያ 7 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. እዚያው ቴክሳስ፣ በብሬንሃም አቅራቢያ ነው። አንድ ዋሻ ከመጠን በላይ ተሞላ፤ ፈሳሹ ጋዝ የጨዋማው ውሃ መውጫ ቧንቧ ጋ ደርሶ ከውሃው ጋር ወደ ኩሬው ወጣ፤ ከአየር ስለሚከብድም በመሬት ላይ ተንጣሎ ተቀጣጠለ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ 21 ቆሰሉ። ዋሻው ሲሞላ በራሱ የሚዘጋ አስተማማኝ መሣሪያ አልነበረውም።

ከመሬት በላይስ ይቀመጣል?

ይቀመጣል። በግፊት የሚቀመጠው በሉል ወይም በጥይት ቅርጽ በተሠሩ ወፍራም የብረት ታንኮች ነው፤ ሉል የሚመረጠው ግፊቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚከፋፈልበት ነው። በወደቦች ደግሞ በተራ የአየር ግፊት፣ ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ፕሮፔን የሚይዙ ሙቀት የማያስገቡ ግዙፍ ታንኮች አሉ።

እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1966 በፈረንሳይ ፌዛን አንድ ሠራተኛ ከፕሮፔን ሉል ሥር ናሙና ሊወስድ ነበር። ከሉሉ ሥር ሁለት ቫልቮች በተከታታይ ተገጥመዋል። ላይኛውን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ በታችኛው መመጠን ሲገባ የተደረገው ተቃራኒው ነበር፤ ላይኛው ቫልቭ በሃይድሬት ተደፈነ፤ ሲከፈት ፕሮፔኑ በኃይል ወጣ፤ ቫልቩም በረዶ ስለያዘው መልሶ አልዘጋ አለ። ጋዙ እስከ መኪና መንገዱ ተንሸራቶ እሳት አገኘ፤ ሉሉም በእሳት ተከቦ ፈነዳ፤ 18 ሰዎች ሞቱ። ዛሬ የሉሎች እግር እሳት በሚከላከል ነገር መሸፈኑ፣ ከላይም የውሃ መርጫ መገጠሙ ከዚያ አደጋ ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው።

በቧንቧ ሲጓጓዝ የሚያሰጋው ምንድን ነው?

ድብልቁ በቧንቧ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ግፊቱ መውረድ የለበትም። መፍሰስ ከጀመረ ግን ፈሳሹ ወዲያው ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን 270 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም በሸለቆ ይተኛል። በሶቭየት ኅብረት ኡፋ አቅራቢያ ሰኔ 4 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. የሆነው ይኸው ነው። የቧንቧው ግፊት ሲወርድ የሚፈስበትን ቦታ ከመፈለግ ይልቅ የሚገፋው መጠን ተጨመረ፤ ጋዙ በባቡር ሐዲዱ ዙሪያ ተከማቸ፤ ሁለት የመንገደኞች ባቡሮች ሲተላለፉ ተቀጣጠለ፤ 575 ሰዎች ሞቱ።

መርከቦቹ ምን ዓይነት ናቸው?

ትንንሾቹ እንደ ሲሊንደር በግፊት ይጭናሉ፤ መካከለኞቹ ግፊትንም ቅዝቃዜንም ይጠቀማሉ፤ ውቅያኖስ የሚያቋርጡት ትልልቆቹ ግን በቅዝቃዜ ብቻ ይሠራሉ። አንድ ትልቅ መርከብ 84,000 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። በዚህ ስፋት ግፊት የሚችል ታንክ ይሠራ ቢባል የብረቱ ውፍረትና ክብደት መርከቡን የማይሆን ያደርገዋል፤ ስለዚህ ፕሮፔኑ ፈሳሽ እስኪሆን ድረስ ቀዝቅዞ በተራ ግፊት ይጫናል፤ የታንኩም ብረት ይህን ቅዝቃዜ የሚችል ተደርጎ የተሠራ ነው። በጉዞ ላይ ሙቀት መግባቱ ስለማይቀር ጥቂት ፕሮፔን ይተንናል፤ እንፋሎቱ በመርከቡ ኮምፕሬሰር ተጨምቆ፣ ቀዝቅዞ፣ ወደ ታንኩ ይመለሳል።

ከሂዩስተን ወደ ጃፓን የሚሄድ መርከብ በፓናማ ቦይ ካለፈ አንድ ወር ሳይሞላ ይደርሳል፤ የደቡብ አፍሪካን ጫፍ ከዞረ አንድ ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተስፋፋው ቦይ ለእነዚህ መርከቦች መንገድ ከፈተ፤ በ2023 ድርቅ የቦዩን ውሃ ሲቀንስ ግን ብዙዎቹ ረጅሙን መንገድ ለመያዝ ተገደዱ።

ኢቴንን በመርከብ መላክ ከዚህ ይከብዳል፤ ከዜሮ በታች 89 ዲግሪ ይፈልጋልና። ከአሜሪካ የተነሣው የመጀመሪያው የኢቴን ጭነት በፔንሲልቬንያ ከሚገኘው ማርከስ ሁክ ወጥቶ መጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ራፍነስ ደረሰ።

ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል እሳቱ ለምን ይደክማል? ለምንስ ሙሉ በሙሉ አይሞላም?

ድብልቁ ሲሊንደር ውስጥም እንደ ማማው ይለያል፤ ፕሮፔኑ ቀድሞ ይተንናል፤ ወደ መጨረሻው የሚቀረው ቡቴን ይበዛበታል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። በደጋ ብርድ ጠዋት ይህ ይበልጥ ይታያል። ሲሊንደሩን በእሳት ወይም በፈላ ውሃ ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይገባም።

የሚሞላው እስከ 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቦታ ያስፈልገዋል። ተኝቶ ከተጠቀሙበት ደግሞ በጋዝ ፈንታ ፈሳሹ ወደ መቆጣጠሪያው ይገባል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ መቆም አለበት።

የጋዙ ሽታ ከየት ይመጣል?

ንጹሕ ፕሮፔንና ቡቴን ሽታ የላቸውም። የምናሸተው ሜርካፕታን የተባለ የሰልፈር ውህድ ሲሆን፣ በአብዛኛው ቦቴዎች በሚሞሉበት ቦታ ይጨመራል። አዲስ ወይም ውስጡ የዛገ ታንክ ይህን ውህድ ሊመጥጥ ስለሚችል ሽታው የደከመ ጋዝ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ የሚፈስ መሆኑ የተጠረጠረ መገጣጠሚያ በአፍንጫ ብቻ ሳይሆን የሳሙና አረፋ ተቀብቶ መታየት ያለበት ለዚህ ነው። ጋዙም ከአየር ስለሚከብድ የሚተኛው ወለል ላይ ነው፤ ቤቱን ለማናፈስ ከፍ ያለውን መስኮት ብቻ ሳይሆን በሩን ጭምር መክፈት ያስፈልጋል።